የአቶ ተገኘ የዓሣ ኩሬ

ስለ አቶ ተገኘ ኤርሳዶ የሚወራው ሁሉ ከዓሣ ይጀምራል። ሞርሲቶ ገበያ ላይ ስማቸውን ብታነሱ፣ “ዓሣውን እበት አብልቶ የፈጀው ሰውዬ?” ብለው ይስቃሉ። የሚስቁት ደግሞ ነገሩ ሲሆን ገና ያልተወለዱት ናቸው። እኔ በቦታው ነበርኩ፤ አልሳቅኩም። የእሳቸውን ሕይወት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ዛሬ የለም፤ ከእኔ የከፋ ያበላሸባቸውም የለም። ስለዚህ ሳልሞት ልጻፈው።

ሽብሩ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ዱራሜ ነው። በ1978 ዓ.ም. የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ በልማት ሠራተኛነት ከሞርሲቶ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ገበሬ ማኅበር ተመደብኩ። ስለ ዓሣ የማውቀው አዋሳ ላይ በአሥራ ሁለት ቀን ሥልጠና የተማርኩትን ነበር፤ ከአሥራ ሁለቱም ሁለቱ ቀን ስለ ማርክሲዝም ነበር። በዚህ እውቀቴ ነው እንግዲህ እንሰት ሲተክሉ ለኖሩ ሰዎች ዓሣ ላስተምር የሄድኩት።

አቶ ተገኘ ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ረጅም፣ ጎንበስ ብለው የሚራመዱ፣ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ በዚያ ዘመን ታሽጋ የማኅበሩ መጋዘን ሆና ስለነበር ሽምግልናቸው በየሰው ጓዳ ነበር። ሦስት ላሞችና አንድ በሬ ነበሯቸው። እንደ አገሩ ወግ ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ጠዋት ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ውቢት የከብቱን ማደሪያ ጠርገው፣ እበቱን በቅርጫት ወደ ጓሮ አውጥተው በየእንሰቱ ሥር ያፈሱታል። በዚያ ቤት፣ በዚያም መንደር እንሰቱ የሴቷ ነው፤ እበቱም ከእንሰቱ ጋር ይሄዳል። ባል ሚስቱን ሳያስፈቅድ አንድ ቅርጫት እበት ቢያነሳ ነገሩ ሽማግሌ እስከማስቀመጥ ይደርሳል።

ኩሬው የተቆፈረው በዘመቻ ነው። ከእሳቸው ማሳ በታች ምንጭ ስለነበረ ቦታው እዚያ ሆነ፤ ጠባቂነቱም ለእሳቸው ተሰጠ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩቶች ከአዋሳ በበርሜል ተጭነው በጥቅምት 1979 ደረሱ። መንገድ ላይ ሩቡ ሞቷል። የተረፉትን ስንለቃቸው አገሩ ሁሉ ወጥቶ ቆሞ ነበር፤ ብዙው ሰው ዓሣ ቀምሶ አያውቅም።

“አሁን እበት እንጨምርበታለን” አልኳቸው።

“ዓሣ እበት ይበላል?” አሉ አቶ ተገኘ።

“አይበላም። እበቱ ውኃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ዓሣው አረንጓዴውን ይበላል።”

አቶ ተገኘ ከልባቸው ሳቁ። “ሣሩን ላም በላች። እበቷን ውኃ በላ። ውኃውን ዓሣ በላ። ዓሣውንስ?”

“እኛ።”

ወይዘሮ ውቢት ከኋላ ሆነው፣ “እናንተን ደግሞ ዳኘ” አሉ። ዳኘ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ደግነቱ በዚያ ቀን አልመጣም ነበር።

ወይዘሮ ውቢት እንዲህ ነበሩ፤ ጥቂት ተናግረው ሰውን ቦታው ያስቀምጡታል። እበታቸውንም ለኩሬው በዋዛ አልሰጡም። ለሦስት ቀን እምቢ አሉ። ሦስት ዓመት ያሳደግሁት እንሰት በእናንተ ጨዋታ አይቀጭጭም አሉ። በአራተኛው ቀን ግን ራሳቸው ቅርጫቱን ሞልተው አምጥተው ኩሬው ዳር አስቀመጡት። ያስለወጣቸው የእኔ ትምህርት አልነበረም። ልጃቸው ማቴዎስ ነበር።

ማቴዎስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እህቶቹ ሁለቱም አግብተው ስለወጡ እቤት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሆሳዕና ድረስ ሄዶ ዘጠነኛ ክፍል ተምሮ፣ አባቱ ሲደክሙ ተመልሶ መጣ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሲስቅ ግን ጥርሱን በእጁ ይሸፍናል። በዚያ ዘመን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ የላትም። ብሔራዊ ውትድርና በየዓመቱ ኮታ ይዞ ይመጣል፤ ኮታውን የሚሞላው ዳኘ ነው። ዳኘ ደግሞ በስብሰባ ላይ፣ “ዓሣው ላይ የሚሠራ የልማት አርበኛ ነው፤ አልነካውም” ብሎ ተናገረ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ማቴዎስ በማግስቱ የኩሬው ሠራተኛ ተብሎ ተመዘገበ፤ እናቱም በአራተኛው ቀን እበቱን አመጡ።

“ልጄ እቤቱ ይቀመጥልኝ እንጂ እንሰቱስ ይቅር” አሉኝ። በዚያ አገር አንዲት ሴት እንሰቱ ይቅር አለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ለእኔም ገብቶኛል።

ልኩን አስተማርኳቸው። በቀን አንድ ቅርጫት፤ ፀሐይ ከበረታ ሁለት፤ ደመና ከሆነ ምንም። ክንድህን እስከ ክርንህ ውኃው ውስጥ ንከር፤ መዳፍህ ካልታየህ በቃ፣ አትጨምር። ማቴዎስ ወዲያው ያዘው። አባቱ ግን ክንዳቸውን እየነከሩ ይስቁ ነበር። “ሽብሩ፣ እንሰት እበት በዛብኝ ብሎ ሲሞት አይተሃል?” ይሉኛል። አላየሁም። ማንም አላየም። በዚያ አገር እበት ልክ የለውም፤ የሚያንስ እንጂ የሚበዛ እበት የሚያውቅ ገበሬ አልተወለደም። ይህን ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሞኝ ነበርኩ።

ሐምሌ ሲገባ ዳኘ ዜና ይዞ መጣ። ከአውራጃው እንግዶች በሐምሌ ሃያ አምስት ኩሬውን ሊጎበኙ ነው፤ ዓሣው ተይዞ ይታያል። ዳኘ ክንዱን ዘርግቶ፣ “ይሄን ያህል ዓሣ አሳዩኝ” አለ። የእኛ ዓሣ ግን ስንዝር እንኳ አልሞላም ነበር። ብርዱም ደመናውም አላሳደገውም። እኔም ሆሳዕና ለዝግጅት ስብሰባ ተጠርቼ ሐምሌ አሥራ ሁለት ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት አቶ ተገኘን ኩሬው ዳር አግኝቻቸው፣ “በርቱ፣ ዓሣው ካደገ ልጁን ማንም አይነካውም” አልኳቸው። ይህችን ቃል አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ማቴዎስ ነው።

አቶ ተገኘ እኔ በሄድኩ በማግስቱ ሦስት ቅርጫት ጨመሩ። ከዚያ ስድስት። የራሳቸው እበት ሲያልቅ ከጎረቤት ለመኑ፤ እንደ ለማኝ ቤት ለቤት ዞሩ። የአገሩ ሴቶች ለማቴዎስ ብለው ሰጧቸው። ሰማዩ አንድ ሳምንት ሙሉ አልተገለጠም። ልጁ፣ “አባዬ፣ ጋሽ ሽብሩ በደመና አትጨምሩ ብሏል” ቢል፣ “ሽብሩ ልጅ የለውም” አሉት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓሦቹ ሁሉ ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ተገኙ። መቶ ምናምን አፍ፣ ክፍት ክድን፣ ክፍት ክድን ይላል። አቶ ተገኘ አዩና እንባቸው መጣ፤ ከደስታ ነው። “ርቧቸዋል” አሉ። “እያደጉ ነው፣ አየህ፣ ምግብ እየለመኑ ነው።” ጥጃም፣ ጫጩትም፣ ሕፃንም ሲርበው አፉን ይከፍታል፤ እሳቸው በሕይወታቸው ያዩት አፍ መክፈት ይህ ብቻ ነው። ሌላ ሁለት ቅርጫት ጨመሩላቸው። ረፋድ ላይ ደመናው ሳሳ ሲል ዓሦቹ ወደ ታች ወረዱ። “አየህ፣ ጠገቡ” አሉት ልጁን። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ጠዋት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እሳቸው እበት ይጨምራሉ።

ዓሦቹ የሚለምኑት ምግብ አልነበረም። እበት ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሰዋል። ፀሐይ ካለ አረንጓዴው ቀን ቀን ይተካዋል፤ ደመና ከሆነ የሚተካው የለም። ጎህ ሲቀድ ውኃው ውስጥ የሚተነፈስ ነገር አይኖርም። ዓሦቹ እየታፈኑ ነበር። ይህ የሥልጠናው ደብተር ውስጥ በሁለት መስመር ተጽፏል፤ ደብተሩ ደግሞ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ሆሳዕና ነበር።

ሐምሌ ሃያ አንድ በእኩለ ቀን ስመለስ ኩሬው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። አቶ ተገኘ እስከ ደረታቸው ውኃው ውስጥ ገብተው አንድ አንድ እያነሱ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች መልሰው ይለቋቸዋል፤ ተመልሰው ይገለበጣሉ። ማቴዎስ ዳር ተቀምጦ ነበር። “ጋሽ ሽብሩ፣ አባዬን አውጣልኝ” አለኝ።

ወይዘሮ ውቢት ከእንሰቱ መሐል ቆመዋል። አላለቀሱም። ቅርጫታቸውን ከኩሬው ዳር አንስተው ወደ ቤት ገቡ።

ከሦስት ቀን በኋላ ኢፋ መኪና መጣ። የኮታው ልጆች በታሸገችው ቤተ ክርስቲያን ተቆልፈው አደሩ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ማቴዎስ አንዱ ነበር። ዳኘ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ “የሕዝብን ዓሣ በእበት የገደለ ፀረ ልማት ነው። ለልማት ያልሆነ ልጅ ለእናት አገር ይሁን” አለ። አቶ ተገኘ እግሩ ሥር ወደቁ። እንዲህ ያለ ኩሩ ሰው መሬት ላይ ሲንከባለል አይቼ አላውቅም። “እኔ ነኝ፤ እኔን ውሰደኝ፤ ልጄ ከልክሎኝ ነበር” ይላሉ። ይህን ሲሉ ባለቤታቸው ሰሙ። ልጁ ከልክሏቸው እንደነበር ወይዘሮ ውቢት ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ማቴዎስ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ “እማዬ፣ አባዬን አትቆጪው” አለ። መኪናው ሄደ።

አሁን ወደዚያች ቃሌ ልመለስ።

የዳኘ እጅ ጽሑፍ አይነበብም። ደብዳቤውንም፣ ሪፖርቱንም፣ የኮታውን ዝርዝርም የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ያን ዝርዝር የጻፍኩት ሐምሌ ዘጠኝ ነው፤ ዓሦቹ በሕይወት እያሉ፣ ለሆሳዕና ስብሰባ ከመነሳቴ ሦስት ቀን በፊት። ተራ ቁጥር ሰባት የዳኘ የወንድሙ ልጅ ነበር። ዳኘ ጣቱን አድርጎ፣ “ይሄን ሰርዝና የተገኘን ልጅ አግባ” አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። “ሽብሩ፣ ያንተም ዕድሜ ይፈቅዳል እኮ” አለኝ። ጻፍኩት። ማቴዎስ ተገኘ ኤርሳዶ፣ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ። አጻጻፌ ያምር ነበር።

ዓሣው ቢያድግም ባያድግም ልጁ ሊሄድ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው ለአባቱ “በርቱ” ያልኳቸው። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ፣ የሚባል ነገር ጠፍቶኝ። እሳቸውም በረቱ።

ወይዘሮ ውቢት ከመኪናው መልስ ለባላቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ “ማቴዎስ ሲመለስ አናግርሃለሁ።” ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ጩኸት የለም፣ እርግማን የለም፣ ወደ ወላጆቻቸው ቤት መሄድ የለም። ምግብ ያቀርባሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ሲታመሙ ያስታምማሉ። ቃል ብቻ የለም። ሽማግሌ ተላከ፣ ጸሎት ተጸለየ፣ ሴቶች ልጆቻቸው መጥተው እግራቸው ላይ ወደቁ። “እኔ ከማንም አልተጣላሁም፤ ልጄን እየጠበቅኩ ነው” ይላሉ። ሰው ሲጠራቸው የማቴዎስ አባት፣ የማቴዎስ እናት ነው የሚላቸው፤ በየቀኑ፣ በየመንገዱ።

ኩሬው ደረቀ። ሥሩ ያለው ጭቃ በእበት የጠገበ ስለነበረ ወይዘሮ ውቢት እንሰት ተከሉበት። አገሩ ያላየው እንሰት ሆነ፤ ሰው ሊያየው ይመጣ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ እንሰት አንድ ቀን ቆጮ ጋግረው ሲበሉ አልታዩም፤ ለመጣው ሁሉ ይሰጡታል።

እኔ እሄድ ነበር። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፤ በወር አንዴ ሁለቴ እሄድ ነበር። ከጦላይ ማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣና እንዳነብላቸው አስጠሩኝ። ወይዘሮ ውቢት ወተት ቀዱልኝ፤ አቶ ተገኘ ከወዲያ ማዶ ተቀምጠዋል። ማቴዎስ ደህና ነኝ ይላል፤ ብርድ የለም ይላል፤ ለአባዬ እግዚአብሔር ጥፋት አይቆጥርም በሉልኝ ይላል። አንብቤ ስጨርስ ወይዘሮ ውቢት ወደ ባላቸው ሳይዞሩ፣ “የመጨረሻዋን ለዚያ ሰውዬ ድገምለት” አሉኝ። ደገምኩት። አቶ ተገኘ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብናገር ኖሮ ያ ቤት ይፈታ ነበር። ስሙ የተጻፈው ከዓሣው በፊት ነው ማለት ብቻ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወተቱን ጠጣሁበት።

መጀመሪያ ዳኘን ፈራሁ። በኋላ ደግሞ ዳኘ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና የምፈራው ሲጠፋ፣ ዝም ማለቴን ፈራሁ። አንድ ዓመት የደበቁት ነገር በሁለተኛው ዓመት እጥፍ ይከብዳል። ዛሬ ነገ ስል ወይዘሮ ውቢት በ1982 ግንቦት ታመሙ። ሆዳቸው ነበር። ሆሳዕና ሆስፒታል ወስደናቸው መለሱልን። አቶ ተገኘ አልጋቸው ሥር አሥራ አምስት ቀን ተቀመጡ፤ እጃቸውን ይዘው። እጃቸውን አልነጠቁም። ቃል ግን ሳይሰጡ ሞቱ። ማቴዎስ ሲመለስ ብለዋላ። ሰው ቃሉን እንዲህ ሲጠብቅ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ምነው ባላየሁ።

ዓመት ሞልቶ ደርግ ወደቀ። ሰኔና ሐምሌ የተበተነው ወታደር በእግሩ አገሩ ይገባ ጀመር። አቶ ተገኘ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ለመጣው ሁሉ ውኃ ያጠጣሉ፤ “ማቴዎስ ተገኘን ታውቃለህ?” ይላሉ። ተረፈ የሚባል የፎንቆ ልጅ ነው ያወቀው። አንድ እግሩ የለም። “ሽሬ ላይ፣ በ1981 የካቲት። አጠገቤ ነበር” አላቸው። ይኸውም ማለት እናቱ በሞቱ ጊዜ እሱ ከሞተ ዓመት ከሦስት ወር አልፎት ነበር።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። ቤተ ክርስቲያኗ ተከፍታ ስለነበር መዝሙር ተዘመረ። በአራተኛው ቀን ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁ። ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝርዝሩን፣ ተራ ቁጥር ሰባትን፣ የዳኘን የወንድም ልጅ፣ “በርቱ” ማለቴን። ሲሰሙኝ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

“መቼ ነው የጻፍከው?” አሉኝ።

“ሐምሌ ዘጠኝ።”

“ዓሣው የሞተው መቼ ነው?”

“ሐምሌ ሃያ አንድ።”

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ቆጥረው እንደገና ቆጠሩ።

“ይሄን እያወቅክ እዚህ ቤት ወተት ጠጥተሃል።”

“ጠጥቻለሁ፣ ጋሽ ተገኘ።”

“እሷ ናት የቀዳችልህ።”

“አዎ።”

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝ ምንኛ በቀለለኝ። “ተነሥ” አሉኝ። ተከተልኳቸው። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሣሩ ሜዳ ዳር፣ ወደ ወይዘሮ ውቢት መቃብር ወሰዱኝ።

“እኔን ተወኝ። ለእሷ ንገራት” አሉኝ።

አቶ ተገኘ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙት አይሰማም ብለው ያስተማሩ ሰው ናቸው። በለቅሶ ቤት ከሟች ጋር የሚነጋገረውን ሲገሥጹ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ግን ክንዴን ይዘው ቆመዋል፤ አልለቀቁኝም። ጀመርኩ። “ወይዘሮ ውቢት፣ የማቴዎስ ስም የተጻፈው ከዓሣው በፊት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ተገኘ ምንም አላደረጉም።”

“ጮክ በል” አሉኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ድምፄ ከማዶ ሳይሰማ አልቀረም፤ ከብት የሚያግዱ ሴቶች ቀና አሉ።

ስጨርስ አቶ ተገኘ ክንዴን ለቀቁኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውን ወደ አፈሩ ዘንበል አድርገው ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር እጃቸውን ነካ አድርጌ፣ “ጋሽ ተገኘ፣ እንግባ” አልኳቸው።

“አንተ ሂድ” አሉኝ። “እሷ ለመናገር አትቸኩልም።”